ጀርባን ለቴሌቪዥን ሰጥቶ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ እርሳስ የያዝኩት ገበያ ስላክ የሚገዛውን እንዳልረሳ ለመመዝገብ ብቻ ነው። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ሳምንት መቱ መናኸሪያ አጠገብ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ሰምቼ ነው። የሚከራከሩት ስለ ቦክሰኛው ፊልም ነበር። አንደኛው፣ «አሁንም ያ ሰውዬ ይደባደባል እንዴ? አይሰለቸውም?» አለ። ሌላው፣ «እሱን ባይሰለቸው እኛን ሰልችቶናል» አለው። እኔ መልስ ነበረኝ። ግን የማላውቀው ሰው ፊት አፌን መክፈት ስለማልችል ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ አለፍኳቸው። እቤት ስደርስ መልሱ አሁንም ምላሴ ላይ ነበር። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ።

ነገሩ በሆነበት ጊዜ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሁሩሙ መጥቼ መቱ ውስጥ ሻይ ቤት ያላቸው አንዲት ሴት ዘንድ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሴትዮዋ ከጉራጌ አገር የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ከሻይ ቤቱ ጀርባ አንድ ሰፊ ክፍል ነበራቸው። ጅማ የሚኖር ወንድማቸው ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ሲያመጣላቸው ክፍሉ ቪዲዮ ቤት ሆነ። ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እትዬ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ይለብሳል። ፊልም ሊጀመር ሲል ዳንቴሉን የማነሳው እኔ ነኝ፤ ሲያልቅ መልሼ የማለብሰውም እኔ። በተረፈ ሻይና ብስኩት ይዤ በአግዳሚ ወንበሮቹ መሃል እሽሎከለካለሁ። ሲጠሩኝ የምመልሰው በአንገቴ ነው። እትዬ፣ «ይቺ ልጅ ድምፅዋን ሁሩሙ ረስታው ነው የመጣችው» እያሉ ደንበኛ ፊት ያሾፉብኝ ነበር።

ጊዜው የደርግ ስለነበር በሰዓት እላፊው ምክንያት ፊልም የሚታየው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ሲበተን ነው። ቤቱ መብራት ስላልገባለት ጓሮ ያለችው ትንሽ ጄኔሬተር ትነሳለች። በዚህ ላይ ዝናቡ አለ። የመቱ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎንህ ካለው ሰው ጋር እንኳ የምትግባባው በጩኸት ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ተናገረ አልተናገረ ልዩነት የለውም፤ ቢሰማም ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ፊልሙን ፊልም የሚያደርገው ተርጓሚው ነበር።

ተርጓሚያችን በረንዳው ላይ የስፌት መኪና ያላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ከተማው በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ስለሠሩ እንግሊዝኛ ያውቃሉ ይባላል። ምን ያህል እንደሚያውቁ ያረጋገጠ ግን የለም። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆማሉ፤ አንዱን ነገር በአማርኛ፣ የሚቀጥለውን በኦሮምኛ እያደረጉ ይተረጉማሉ። አክተሩ አንድ ቃል ተናግሮ ዝም ሲል ጋሼ እስትንፋስ እስኪያጥራቸው ያወራሉ። አክተሩ ብዙ ሲናገር ደግሞ፣ «ተናዷል» ብለው ያልፋሉ። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

የቦክሰኛው የመጀመሪያ ካሴት ሲመጣ አንድ የቀበሌ ሰው ይዘቱን ማወቅ አለብኝ ብሎ መጣ።

«ስለ ምንድነው?»

«ስለ ላብ አደር» አሉ ጋሼ፣ ክሩን በምራቃቸው እያራሱ። «ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል።»

«ቦክስ ነው አሉኝ እኮ። ማንን ነው የሚመታው?»

«ጆንያውን የሚያሸክሙትን።»

ሰውዬው ትንሽ አሰበና ሄደ። ቅዳሜ ከነቤተሰቡ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። አክተሩን በመታው ሰው ላይ ከሁሉም በላይ የጮኸው እሱ ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። አክተሩ፣ ቦክሰኛው ማለት ነው፣ ወደብ ላይ ኩሊ ነው። እናቱ ዓሣ ትሸጣለች። እሱ ቦክስ ሲጋጠም እሷ አንድም ቀን ሄዳ አታይም፤ እቤት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትጸልያለች። አንድ ትልቅ ቦክሰኛ ይንቀዋል፣ ይመታዋል፣ ይጥለዋል። አክተሩ ጆንያ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል፣ በዝናብ ይሮጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ያሸንፋል። በመጀመሪያው ክፍል ይህ ሲታይ የኋለኛው አግዳሚ ተሰበረ። ከኢሉባቦሩ ቡሬ ለገበያ የመጣች አንዲት ሴት አውቶቡስ አምልጧት እትዬ ዘንድ አደረች፤ እስክንተኛ ድረስ የምታወራው ስለ አክተሩ ቅንድብ ነበር። በማግስቱ የመቱ ወጣት ወደ ሶር ወንዝ በሚወስደው መንገድ ሲሮጥ ዋለ። አሸዋ የሞላ ጆንያ ዛፍ ላይ ሰቅሎ የደበደበም ነበር፤ ሰኞ ዕለት ወጌሻው ደጃፍ ሦስት ሰዎች ተሰልፈው አየሁ።

ሁለተኛውም ክፍል ጥሩ ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። ተማሪዎቹ ከጋሼ ቀድመው መተርጎም ጀመሩ። ጋሼ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከኋላ፣ «ሊወድቅ ነው» ይላሉ፤ ይወድቃል። «እናትየው ልትጸልይ ነው» ይላሉ፤ ትጸልያለች። ጋሼ በጣም ነበር የተናደዱት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፊልም ሲመጣም ሰው ቀነሰ፤ አግዳሚዎቹ እንደ ድሮው መሙላታቸው ቀረ።

አንድ ያልሰለቸው ሰው ግን ነበር። ከመንገዱ ማዶ ጨርቅና ጨው የሚሸጥ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። ቤተሰቦቻቸው ከቡና አገር ከጅማ በኩል የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ሐጂ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሱቁን ልጃቸው ነው የሚይዘው። ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድ ተሻግሬ፣ ከዘራቸውን በአንድ እጄ፣ እጃቸውን በሌላው ይዤ አመጣቸዋለሁ፤ ፊት ወንበር ጫፍ ላይ አስቀምጣቸውና ፔርሙሴን ይዤ ከእግራቸው ሥር በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ፊልሙን የሚያዩት በጋሼ አፍ ነው። ቦክሰኛው ሲወድቅ ከዘራቸውን ያጠብቃሉ፤ ሲነሳ ይለቃሉ። በሦስተኛው ክፍልም ከዘራው እንደ መጀመሪያው ቀን ሲጠብቅ ከአጠገባቸው ሆኜ አይቻለሁ።

አንድ ቀን በረንዳው ላይ ሻይ ስቀዳላቸው ጋሼ፣ «ሐጂ፣ እርስዎ ግን ይሄ ሰውዬ አይሰለችዎትም?» ብለው ጠየቋቸው።

«ረመዳንም በየዓመቱ ይመጣል» አሉ ሐጂ። «ሰለቸኝ ብሎ የቀረ ታውቃለህ?»

«ረመዳን መግቢያ አያስከፍልም፣ ሐጂ።»

«ያስከፍላል እንጂ። ቁርሴን፣ ምሳዬን ይወስዳል።» ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ በነጠላዬ ውስጥ።

አራተኛው ክፍል የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የአውቶቡስ ሾፌሩ ካሴቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ለእትዬ ሰጣቸው። ጋሼ ሽፋኑን አንዴ ገልበጥ አድርገው አዩና ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ይቺን ማየት አያስፈልገኝም። ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ እተረጉማታለሁ።»

«ጉራህ» አሉ እትዬ።

«ይመቱታል፣ ይወድቃል፣ እናቱ ትጸልያለች፣ ይነሳል፣ ያሸንፋል። ምን ዓይን ያስፈልገዋል?»

እትዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። ሲጨክኑ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። «እንግዲያው ስማኝ። አንተ ሳታያት የምታውቃትን ፊልም ሕዝቡ ምን ብሎ ያያታል? ቅዳሜ እንዳልከው ጀርባህን ሰጥተህ ተርጉም። አንዲት ነገር ካልሳትክ ሰኞ ዴኩን ለወንድሜ እመልስና ክፍሉን ለቡና መጋዘን አከራየዋለሁ። የሚፈልግ ሰው አለ።»

«ከሳትኩስ?»

«ከሳትክ ገና ያልታየ ነገር አለ ማለት ነው። እንቀጥላለን።»

ጋሼ ሳቁ። እኔ ያልሰማሁ መስዬ ያንኑ ብርጭቆ ሁለቴ አጠብኩት። ክፍሉ ለቡና ከተከራየ እትዬ ለሻዩ ብቻ እኔን አይፈልጉኝም፤ ወደ ሁሩሙ መመለሴ ነው። ሁሩሙን አልጠላም፤ ቤተሰቦቼ ያሉበት ነው። ግን ሁሩሙ ውስጥ ዳንቴል ሲነሳ ወደብና ባሕር የሚወጣበት ቤት የለም። ሰው እንዲሳሳት መለመን ኃጢአት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ዓርብ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ጋሼ እንዲሳሳቱ ለመንኩ።

ወሬው በገበያው ተዛምቶ ቅዳሜ ቤቱ ጢም አለ። ሰው የመጣው ቦክሰኛውን ለማየት ሳይሆን ጋሼን ለማየት ነው። ተማሪዎቹ በሙሉ ተመልሰው መጡ። ዝናቡም ከመቼውም ይልቅ በርትቷል። ቤንዚን ለቅዳሜ ብቻ ስለሆነ ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ሰው አልነበረም። ዳንቴሉን አነሳሁ። ጋሼ ወንበር ስበው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አድርገው እግራቸውን አነባብረው ተቀመጡ።

«ወደቡ ነው» አሉ። ወደቡ ነበር።

«አክተራችን ጆንያ ተሸክሟል። አሁን ግን ጸጉሩ ሸብቷል።» ጸጉሩ ሸብቶ ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጋሼ እንደ ሙሽራ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ጎረምሳ ቦክሰኛ መጣ። አንተ ሽማግሌ፣ አለው።» በእርግጥም አንድ ጎረምሳ መጥቶ አክተሩን ትከሻውን ገፋው። ተማሪዎቹ ጣሪያውን የሚያናጋ ጩኸት ጮኹ። በሩ ጋ የቆሙት እትዬ አልሳቁም። ራሳቸውን እየነቀነቁ ክፍሉን ከግድግዳ ግድግዳ በዓይናቸው ለኩት፤ ስንት ጆንያ ቡና እንደሚይዝ እያሰቡ መሆኑ ገባኝ። ሩጫው መጣ፣ ዳገቱ መጣ። ጋሼ አንዱንም አልሳቱም። እንዲያውም ዘና ብለው ይዘውት በመጡት ሸሚዝ ላይ ቁልፍ መትከል ጀመሩ።

ውጊያው ተጀመረ። ጋሼ መርፌውን ወደ ላይ እንደያዙ፣ «እናቱ ታዲያ እንደ ወትሮዋ እቤቷ ሆና ወደ ግድግዳው ዞራ ትጸልያለች» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ጋሼ በቀልዳቸው የተሳቀ መስሏቸው እሳቸውም ሳቁ፤ ጭራሽ በኦሮምኛ ደገሙት፤ ሳቁም ባሰ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያቺ በሦስት ክፍል አንድም ቀን ከቤቷ ያልወጣች እናት፣ የዓሣ ቅርጫቷን እንዳንጠለጠለች፣ በሰው መሃል እየተጋፋች ወደ ቦክስ ሜዳው ትመጣ ነበር።

ወደ እትዬ ዞር አልኩ። እትዬ እጃቸው አፋቸው ላይ ነበር።

ሐጂ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ምን ያስቃቸዋል? እናት ስትጸልይ ይሳቃል እንዴ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ሕዝቡ ሁለት ነገር ያያል፤ ፊልሙንም፣ የጋሼን ስሕተትም። ሐጂ ያላቸው ግን ጋሼ ብቻ ናቸው። ለሐጂ እናትየው አሁንም እቤቷ ናት። ስለ ዴኩ ስጨነቅ ሰንብቼ እሳቸውን ረስቻቸው ነበር። ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩና፣ «አልጸለየችም፣ መጥታለች። ቅርጫቷን ይዛ ቦክስ ሜዳው ድረስ መጥታለች» አልኳቸው።

«መጣች?» አሉ። ከዘራቸውን አጠበቁ።

ከዚያ ጎረምሳው አክተሩን አገጩ ላይ መታውና አክተሩ ወደቀ። ጋሼ የሕዝቡን ጫጫታ ሰምተው መውደቁን አወቁ፤ ሸሚዙን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ብድግ አሉ። የሚወዱት ቦታ ይህ ነው። «ወደቀ። ዳኛው ይቆጥራል። አንድ። ሁለት። አሁን ክንዱን መሬት ላይ አስደገፈ። አሁን ጉልበቱን አነሳ። አሁን ተነሳ።»

ማንም አላጨበጨበም።

«ተነሳ እኮ» አሉ ጋሼ።

ከኋላ አንድ ተማሪ በቀስታ፣ «አክተር አይሞትም» አለ፤ ራሱን የሚያጽናና ይመስል ነበር።

«ማል ተኤ?» አሉኝ ሐጂ፤ ምን ሆነ ማለታቸው ነው። እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር።

«ሂንካኔ» አልኳቸው። አልተነሳም።

«ጋሼ ግን ተነሳ አለ።»

«ጋሼ አያዩም፣ ሐጂ። እኔ እያየሁ ነው። አልተነሳም።»

«ታዲያ ምን ታንሾካሹኪያለሽ?» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ዝናቡን በልጠሽ ተናገሪ፣ ኢንተላ ኮ፤ ልሰማ ነው የመጣሁት።» ኢንተላ ኮ ልጄ ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ተነሳሁ። ወደ ሕዝቡ ሳልዞር፣ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳላነሳ ወደ ሐጂ ጠጋ ብዬ፣ ለእሳቸው ብቻ የምናገር እየመሰለኝ ጀመርኩ። አልተነሳም አልኩ። ዳኛው ቆጥሮ ጨረሰ፤ ዐሥር ሞላ። ጎረምሳው እጁን ወደ ላይ ሰቅሏል፤ አሸንፏል። አክተሩ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል፤ ዓይኑ ክፍት ነው፣ አልሞተም። ይህን ስል ከኋላዬ ብዙ ሰው ባንዴ ሲተነፍስ ሰማሁ። በኦሮምኛ ደገምኩት። እናትየው ገመዱን አልፋ ገባች አልኩ። ቅርጫቷን አስቀመጠች። አጠገቡ ተንበረከከች። ፊቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ በጥፊ መታችው።

«መታችው?» አሉ ሐጂ።

«ቀስ ብላ ነው የመታችው። አሁን ደግሞ ሳመችው። እሱ ይስቃል። ከንፈሩ እየደማ ይስቃል።»

«ምን አለችው?»

እንግሊዝኛ አላውቅም። ዝናቡ ባይኖርም አልሰማውም። ግን እናቶችን አውቃለሁ፤ የሁሩሙዋ እናቴ ወንድሜ ከፈረስ ወድቆ ሲመጣ ምን እንዳለችው አስታወስኩ። «ይበቃል፣ አለችው። ተሸነፍክ፣ ይበቃል፣ ና ራትህን ብላ።»

መጀመሪያ የሳቁት ገበያተኛ ሴቶች ናቸው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ ተጨበጨበ። ከበፊቱ ጭብጨባ የተለየ ነበር፤ ዝናቡን እንኳ ሸፈነው። አንዲት ሴት እንባዋን በሻሿ ጫፍ ትጠርግ ነበር፤ የቀበሌው ሰውም አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ዞር አለ። በዚህ ሁሉ መሃል ጋሼን ፈለግኳቸው። በስተመጨረሻ ዞረዋል። ሜትራቸው ከአንገታቸው ወድቆ፣ ሸሚዙን እንደታቀፉ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አፋቸውን ከፍተው ቴሌቪዥኑን ያዩ ነበር።

ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ ዝናቡ ቀለል ብሎ ነበር። በረንዳው ላይ ክርክሩ ጦፈ። አንዱ መሸነፉ ልክ አይደለም ይላል፤ ሌላው ከአራቱም ይሄኛው ይበልጣል ይላል፤ አንድ ተማሪ ደግሞ ሦስቱን እንደገና ማየት አለብን፣ እናትየውን አላስተዋልናትም ይላል። ጋሼ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አንዲት ነገር ብቻ ነው የሳትኩት» አሉ።

«ሁለት ነው» አሉ እትዬ ከበሩ። «እናትየው መምጣቷን፣ ልጅየው አለመነሳቱን። ሦስተኛም አለ። ይቺ ልጅ መናገር መቻሏን ማንም አልነገረንም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ትገተሪያለሽ? ዳንቴሉን አልብሺው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ አቧራ እንዳይጠጣ።»

ዳንቴሉን እንዲህ ቀጥ አድርጌ አልብሼው አላውቅም፤ አራቱንም ጫፎች ጎተትኩት፣ አስተካከልኩት፣ ደግሞ ጎተትኩት። ጋሼ ካሴቱን ከዴኩ አውጥተው ሽፋኑን በጥንቃቄ ሲያነቡ ነበር። «እንግሊዝኛው ላይ እኔ አለሁ» አሉኝ፣ ሳያዩኝ። «ምን አለችው ለሚለው ግን አንቺን እጠይቃለሁ።»

ሐጂን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። ጭቃ ስለነበር ቀስ ብለን ነው የሄድነው። ሱቃቸው ደጃፍ እስክንደርስ ከዘራቸውን እንደ ወጣት እያወዛወዙ ነበር። አንድ ነገር መጠየቅ ፈለግሁ። ያን ቀን ድምፄ ወጥቶ ስለነበር ጠየቅሁ። «ሐጂ፣ ቀጣይ ክፍል ባይመጣስ? ሌላ ካሴት ባይኖርስ?»

ደረጃውን በከዘራቸው ጫፍ ፈልገው አንድ እግራቸውን ጫኑበት።

«ከአንደኛው ጀምሪልኝ» አሉ። «በአንቺ አፍ ገና አልሰማሁትም።»